የፊልም ቲቸሮች ለምን ደብተር አያርሙም?

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛዬን አራት ኪሎ ማኪያቶ ልጋብዛት ቀጠርኳት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች። የመጣችው ፌስታል ሙሉ የፈተና ወረቀት ይዛ ነው። ገና ከመቀመጧ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። ማኪያቶው እየቀዘቀዘ እሷ ታርማለች፣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚዞሩ ቪዲዮዎች አሉ መቼም። አንዱ ከች አለ። አስተማሪው ከክፍል ሊወጣ ሲል ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ጠረጴዛቸው ላይ ይቆማሉ፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ እሱ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ከሥሩ «የኛ አገር አስተማሪዎች ይሄን ቢያዩ!» ተብሎ ተጽፏል። ስልኩን አዞርኩላት። እስከ መጨረሻው አየችውና ሳቀች።

«ቆንጆ ነው። ግን ይሄ ሰውዬ ደብተር የሚያርመው መቼ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኛ ሲሆን ዓ.ም እላለሁ።)

«የፊልም ቲቸር» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

አይታችሁታል። ለትምህርት ቤቱ አዲስ ነው። ሁሉም ተስፋ የቆረጠበት ክፍል ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ቀን ያላግጡበታል። ከዚያ ማንም ያላሰበውን ነገር ያደርጋል፤ መጽሐፍ ያስቀድዳል፣ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ይዘፍናል። ከክፍሉ አንድ አስቸጋሪ ልጅ አለ፣ እሱ ሲሸነፍ ሁሉም ይሸነፋል። ዳይሬክተሩ አይወደውም። መጨረሻ ላይ ወይ ይጨበጨብለታል ወይ ይባረራል፤ አንዳንዴ ሁለቱም።

ይህ አካሄድ የዛሬ አይደለም። ተዋናዩን ሲድኒ ፖይቲየርን ውሰዱ። በ1955 «ብላክቦርድ ጃንግል» በሚባለው ፊልም ላይ ከአስቸጋሪዎቹ ተማሪዎች አንዱ እሱ ነበር። በ1967 ደግሞ «ቱ ሰር፣ ዊዝ ላቭ» ላይ አስተማሪ ሆኖ መጣ። በምሥራቅ ለንደን የአስቸጋሪ ልጆች ክፍል ይሰጠዋል፤ ሰውዬው ኢንጂነር ነው፣ የሚያስተምረው በሙያው ሥራ እስኪያገኝ ነው። መጨረሻ ላይ የሚፈልገው የኢንጂነርነት ሥራ ይመጣለታል፣ ደብዳቤውን ቀዶ ይጥለዋል። ከ50 ዓመት በላይ አልፎም የፊልም ቲቸር ያንኑ ደብዳቤ በተለያየ መልክ እየቀደደ ነው።

ስልኬ ላይ ያየነው ቪዲዮ ደግሞ ከ1989ኙ «ዴድ ፖይትስ ሶሳይቲ» የተቆረጠ ነው። ሮቢን ዊሊያምስ የግጥም አስተማሪ ሆኖ የሚሠራበት። ታሪኩ የሚሆነው በ1959፣ በአንድ ጥብቅ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ቪዲዮውን የሚያጋሩት ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። እዚያ ትዕይንት ላይ ሰውዬው ተባሯል፤ ክፍሉ የገባው ዕቃውን ሊወስድ ነው። ከዚያ በፊት ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ቲያትር እንዳይሠራ አባቱ ስለከለከለው፣ ራሱን አጥፍቷል፤ ትምህርት ቤቱም ጥፋቱን በመምህሩ ላይ አላክኳል። «ይሄን ቢያዩ» እየተባለ የሚላከው እንግዲህ የስንብት ቪዲዮ ነው።

ያ ሁሉ ለውጥ ሁለት ሰዓት ውስጥ እንዴት ይገባል?

በሞንታዥ። ሞንታዥ ማለት ብዙ ጊዜን የሚወክሉ አጫጭር ምስሎችን በሙዚቃ አያይዞ ቶሎ ማሳለፍ ነው። ሰሌዳ ይጻፋል፣ ይጠፋል። ልጁ ይሳሳታል፣ ይሳሳታል፣ ፈገግ ይላል። ቅጠል ይረግፋል፣ ክረምት ይገባል። ዘፈኑ ሲያልቅ ክፍሉ ተለውጧል።

የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት አስቡ። ሴትዮዋ ዶሮ ወጥ ልታሳየን ነው። ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ትጨምራለች፣ ሁለቴ ታማስለዋለች፣ «ሲቁላላ እንዲህ ይሆናል» ብላ ከጎን ሌላ ድስት ታመጣለች። ያቺ ሌላዋ ድስት ሞንታዥ ናት። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ግን ያውቃል፤ ሥራው ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ያ ሰዓታት የሚፈጀው፣ ዓይን የሚያቃጥለው፣ ትንሽ ዞር ካሉ የሚያርረው። ቁሌቱን በቴሌቪዥን እንዳለ ቢያሳዩን ማን ያያል? ቻናል እንቀይራለን። ስለዚህ ፊልም ሠሪው ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ቁሌት ስለማይታይ ነው።

የተዘለለው ቁሌት ምን ያህል እንደሆነ በደንብ የሚያሳይ አንድ ፊልም አለ። በ1988 የወጣው «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር»። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው፤ ሃይሜ ኤስካላንቴ ይባላል፣ ቦሊቪያዊ ነው፣ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ጋርፊልድ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ልጆቹ በአብዛኛው የድሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፊልሙ ላይ አስተማሪው ይመጣል፣ ተራ ሒሳብ የሚያቅታቸውን ልጆች ያገኛል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የካልኩለስ ፈተና ያሳልፋቸዋል። ካልኩለስ የሚቀያየሩ ነገሮችን የሚያሰላ ከባድ ሒሳብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኮርሱን እንደወሰደ ሊቆጠርለት ይችላል።

እውነተኛው ታሪክ ሌላ ነው። ኤስካላንቴ ትምህርት ቤቱ የደረሰው በ1974 ነው። የመጀመሪያውን የካልኩለስ ክፍል የከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ በ1978። ያኔ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 5 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። አምስት! ከዚያ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ በ1982 18 ልጆች ተፈትነው ሁሉም አለፉ። መልሳቸው ስለተመሳሰለ ፈታኙ ድርጅት 14ቱን ጠረጠረ፤ 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፣ 12ቱም አለፉ። ይህ ክፍል ፊልሙም ላይ አለ፣ እውነትም ነው። ከ1974 እስከ 1982 ስንት ነው? ስምንት ዓመት። እነዚያ ዓመታት ያለቁት ታች ያለውን መሠረት ሲያስተካክሉ ነው፤ ካልኩለስ የሚችል ልጅ እንዲመጣ ከሥር አልጀብራው መስተካከል አለበታ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤስካላንቴ ብቻውን አልነበረም። ቤን ሂሜኔዝ የሚባል ሌላ የሒሳብ አስተማሪ አብሮት ይሠራ ነበር። ሄንሪ ግራዲያስ የሚባል ከጎኑ የቆመ ርዕሰ መምህርም ነበረው። ኤስካላንቴ በ1991 ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ፕሮግራሙ እየተዳከመ ሄደ። አሁን ፊልሙን አስታውሱትና ንገሩኝ፤ ማን ትዝ ይላችኋል? አንድ ሰው።

ሌሎቹ አስተማሪዎች ለምን ሁሌ ክፉ ይሆናሉ?

ጀግና ግድግዳ ስለሚያስፈልገው። የሚገፋው ነገር ከሌለ ጉልበቱ አይታይም። ስለዚህ እስታፍ ሩም ውስጥ ቡናቸውን ይዘው «እነዚህ ልጆች አይማሩም» የሚሉ ሰነፎች ይቀመጣሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ደንብ ደንብ ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው የለም አልልም፣ ተምሬባቸዋለሁ። ግን ጓደኛዬ ልጅ የታመመባት ጊዜ ክፍለ ጊዜዋን የሸፈኑላት፣ የሙከራ መሣሪያ ሲጠፋ ከሌላ ትምህርት ቤት የተበደሩላት፣ እነዚያው እስታፍ ሩም የሚቀመጡት ናቸው። እነሱን የሚያሳይ ፊልም ብዙም የለም።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላ ቃል አለ፤ «ነጭ አዳኝ» ይሉታል። ድሃና ጥቁር ወይም ስደተኛ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ሰው ከውጭ ገብቶ የሚያድንበት ታሪክ ማለት ነው። በብዛት የሚጠቀሰው የ1995ቱ «ዴንጀረስ ማይንድስ» ነው። መነሻው ሉአን ጆንሰን የተባለች የቀድሞ ወታደር አስተማሪ የጻፈችው መጽሐፍ ነው። እውነተኛዋ አስተማሪ ግጥም ለማስተማር የተጠቀመችው ልጆቹ የሚሰሙትን የራፕ ግጥም ነው። ፊልሙ ላይ በ1960ዎቹ ስሙ በገነነው ነጭ ዘፋኝ በቦብ ዲላን ዘፈን ተቀየረ። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ለእኔ ግን ትልቅ ናት። በመጀመሪያው ሁኔታ ትምህርቱ የሚነሳው ከልጆቹ ኪስ ነው። በሁለተኛው ከአስተማሪዋ ቦርሳ።

ሻማውስ?

የመምህራን ቀን በተከበረ ቁጥር «መምህር ሻማ ነው፣ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» ሲባል ሰምታችኋል። ሆሊውድም ይህን አባባል በራሱ መንገድ ይወደዋል። በ2007 የወጣው «ፍሪደም ራይተርስ» የኤሪን ግሩዌልን ታሪክ ይነግራል፤ ሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በጎሳና በሰፈር ቡድን የተከፋፈሉ ልጆችን የሕይወታቸውን ማስታወሻ እያስጻፈች ያስተማረች ሴት። ለልጆቹ መጽሐፍ ለመግዛት ተጨማሪ ሥራ ትይዛለች። ትዳሯ ይፈርሳል። ተማሪዎቿ ግን ይመረቃሉ፣ እኛም እናለቅሳለን።

እውነተኛዋ ግሩዌል ልጆቹ በ1998 ሲመረቁ እሷም ሁለተኛ ደረጃ ማስተማሩን ትታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ምንም አላጠፋችም። በዚያ ፍጥነት 30 ዓመት የሚሮጥ ሰው የለም። ነገሩ የሚበላሸው ተመልካቹ «ጥሩ አስተማሪ ማለት ትዳሩን የሰዋ ነው» ብሎ ሲወጣ ነው። ሻማ ሻማ ስንል ሰሙን ማን ይገዛል ብለን አንጠይቅም።

የሕንዶቹስ?

ፒያሳና መርካቶ ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም ሲያይ ያደገ ሰው ይህን ሳልመልስ አይለቀኝም። ደግሞ ሕንድና አስተማሪ ለኛ የቆየ ትዝታ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን ብዙ ሕንዳውያን በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምሩ ነበር፤ አባቶቻችን እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዝኛቸውን ያስመስላሉ።

«ታሬ ዛሚን ፓር»፣ 2007፣ አሚር ካን። ኢሻን የሚባል የስምንት ዓመት ልጅ ማንበብም መጻፍም አልሆንልህ ይለዋል። ሰነፍ ተባለ፣ ተቀጣ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። አስተማሪው የሚመጣው ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ ነው፤ ይሄ ራሱ ደስ ይለኛል፣ ከጀግናው በፊት ልጁን እንድናውቀው ተደርጓል። ጊዜያዊ የሥዕል አስተማሪ ነው። የሚያደርገውን ተመልከቱ። የልጁን ደብተር አውጥቶ ስህተቶቹን ያያል። ፊደል ይገለብጣል። የሚመሳሰሉ ፊደላትን ያምታታል፤ በኛ ቢሆን ለ እና ሰ እንደማለት ነው። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ። ከዚያ ይገባዋል፤ ልጁ ዲስሌክሲያ አለበት። ዲስሌክሲያ አእምሮ የተጻፈ ፊደልን ከድምፁ ጋር ለማገናኘት ሲቸገር የሚመጣ የማንበብ ችግር ነው፤ ከብልህነት ማነስ ጋር አይገናኝም።

ይህ አስተማሪም ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ መጨረሻ ላይም የሥዕል ውድድር አለ፣ የሕንድ ፊልም ነዋ! ግን ለውጡ የተነሳው ከንግግር አይደለም። ደብተር ከማየት ነው። ጓደኛዬ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት እዚህ ፊልም ላይ ነው፤ አንድ የፊልም ቲቸር አርሟል።

እኛ አገር ቲቸር ስክሪን ላይ ወጥቶ አያውቅም?

ወጥቷል፣ ያውም ክፍል ውስጥ። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። በሳተላይት የሚተላለፍ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት። ክፍሉ ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ይቀመጣል፣ ቲቸራችን ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያሉት አስተማሪዎች ንቁ ናቸው፣ ፈገግ ይላሉ፣ ሥዕላቸው ያምራል። ጥያቄ ይጠይቁናል። ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃሉ። ማንም ትንፍሽ ሳይል «ቬሪ ጉድ!» ይሉና ይቀጥላሉ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ያኔ አልገባኝም እንጂ፣ ያ «ቬሪ ጉድ» ስለ ፊልም ቲቸር ብዙ ይናገራል። ስክሪን ላይ ያለ ሰው ሊያነቃቃ ይችላል። እኔን ግን አያየኝም። መሳሳቴን አያውቅም።

ለማነጻጸር የቅኔ ቤቱን አስቡ። ተማሪው ያሰበውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታ ሰምተው እዚህ ጋ ተሰብሯል ብለው ያቀኑለታል፣ ቀጣዩ ይቀርባል። በየቀኑ፣ ለዓመታት። ለካሜራ ይሄ አሰልቺ ነው፤ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ በቃ።

ፊልም ፊልም ነው፤ ምን አገባን?

የሚያገባን መለኪያ ሲሆን ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ሰው ደንግጦ ጥፋተኛ ይፈልጋል፣ ቀድሞ የሚታየው ደግሞ ክፍል ውስጥ የቆመው ሰው ነው። «ፍቅር የለውም፣ አያነቃቃም» ይባላል። ፊልሙ ያስተማረን ይሄንኑ ነው፤ የአንድ ሰው ስሜት ከተቀጣጠለ የቀረው ይከተላል።

እስቲ የጓደኛዬን ክፍል እናስላው። 60 ተማሪ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ። ስም ጥሪው፣ ሰሌዳ መጥረጉ፣ «ዝም በሉ!» ማለቱ ሁሉ ዜሮ ነው ብንል እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። የምታስተምረው አምስት ሴክሽን ነው። አንድ ፈተና ስትሰጥ 300 ወረቀት። ከዚያ ሌሰን ፕላን አለ፣ ማርክ ሊስት አለ፣ ሆምሩም ስለሆነች ሮስተር አለ። አብዛኞቹ የፊልም ክፍሎች ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ቁጠሩ። ከሃያ ምናምን አይበልጥም፤ ካሜራው የሁሉንም ፊት ማሳየት አለበታ።

ቁሌቱን ያሳየ ፊልም የለም?

አለ። በ2008 ካን በሚባለው የፈረንሳይ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘው የፈረንሳይ ፊልም፣ በእንግሊዝኛ «ዘ ክላስ» የሚባለው። ፍራንሷ ቤጎዶ የተባለ ሰው በእውነት ያስተምር ነበር፣ መጽሐፍ ጻፈ፣ ከዚያ ፊልሙ ላይ አስተማሪውን ሆኖ የሠራውም እሱ ነው። ተማሪዎቹም ተዋናዮች አይደሉም፣ የፓሪስ ተማሪዎች ናቸው። ከመክፈቻዋ ትዕይንት በኋላ ካሜራው ከትምህርት ቤቱ አጥር አይወጣም። መምህሩ ብልህ ነው፣ ይቀልዳል፣ ልጆቹን ይወዳል፣ አንድ ቀን ግን ይናደድና ሁለት ሴት ልጆችን ይሰድባል። ከዚያ ነገር ይከራል፣ አንድ ተማሪ ይባረራል። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሁሉም የተማረውን ሲናገር ከርሞ፣ ሌሎቹ ሲወጡ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወደ መምህሩ ጠጋ ትላለች። እኔ ምንም አልተማርኩም ትለዋለች። የሚመልሰው ይጠፋዋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም የለም።

ይህን ፊልም ለጓደኛዬ ነገርኳት። «እሱን ላከው» አለችኝ ቀና ሳትል። ትንሽ ቆይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወረቀቶቹን መለየት ጀመረች፤ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ። ምነው አልኳት። አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ጥያቄው 5 ኪሎግራም የሆነ ዕቃ ክብደቱ ስንት ነው ይላል። ልጁ «5 ኪሎግራም» ብሎ መልሷል። ቀጣዩም 5 ኪሎግራም፣ ከሥሩ ያለውም።

«50 ኒውተን ማለት ነበረባቸው። ኪሎግራም የመጠነ ቁስ፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ ያለው ቁስ ብዛት መለኪያ ነው፤ ክብደት ግን መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው፣ የሚለካው በኒውተን ነው» አለች። «ግን ምን ያድርጉ? ሉካንዳው ክብደት የሚለው በኪሎ ነው፣ እናታቸውም እንደዚያው ነው የምትለው። ሲያስተምሩ ሉካንዳውን መርሳት! ስህተቱ የኔ ነው።»

ቆጠረቻቸው። ካረመቻቸው ውስጥ 23 ልጆች ናቸው። ከፌስታሉ ጀርባ ላይ በቀይ «ሰኞ፤ ሚዛን ይዞ መሄድ» ብላ ጻፈችና አስተናጋጁን ጠርታ ማኪያቶዋን አስሞቀችው።